የማማ ሙዲ ባዝራ

ባለፈው ጥምቀት የወንድሜ ልጅ ጓደኞቹን ይዞ ቤቴ መጣና «አክስቴ ናት፤ ዓረብ አገር ሰሃን ስታጥብ ኖራ የመጣች» ብሎ አስተዋወቀኝ። ሳቁ። እንግዳ ናቸውና እኔም ፈገግ አልኩላቸው፤ ሲወጡ ግን ደሜ ፈላ። ሰሃን አላጠብኩም አልልም። አጥቤያለሁ፣ ያውም የስንቱን! ግን ይታያችሁ፣ ሳዑዲ ከኖርኩበት ዘመን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ከፈረስ ጋር ነው። ባዝራ አዋልጃለሁ፤ ሰኮና ሞርጃለሁ፤ የፈረስ ሆድ በጆሮዬ አዳምጬ ጤናና በሽታ ለይቻለሁ። ይሄን አንካሳ ጉልበቴንም የሰበረው ሰሃን አይደለም። እንግዲህ ያ ልጅ ቁጭ ብሎ ይስማኝ።

እኔ የአዊ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ የሚታረሰው በፈረስ ነው፤ ገበያ የሚኬደው በፈረስ፤ ሙሽራ የሚመጣው በፈረስ። ትልቅ ሰው ሲሞትም ፈረሱ ግላስ ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶውን ሆኖ ለቅሶው መሃል ይገባል። ሰው እሪ የሚለው ያኔ ነው። የአባቴን ፈረስ ያበላሁት፣ ያጠጣሁት፣ ያሸሁት እኔ ነኝ። የጋለበው ግን ወንድሜ፣ የዚያ ልጅ አባት ነው። አንድ ቀን ልውጣበት ብዬ እርካቡ ላይ እግሬን ባሳርፍ እናቴ በአርጩሜ አወረደችኝ። ሴት ልጅ ፈረስ ላይ ምን ትሠራለች ተባልኩ። ይሄው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አገባሁ፤ ባሌ ሞተ፤ መሬቱን የባሌ ወንድሞች ወሰዱት። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ ሳዑዲ ገባሁ። ደላላው በወረቀት ላይ «ዘይነብ» ብሎኝ ስለነበር ዘይነብ ሆኜ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ወረድኩ። ካፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪ ማለት ነው፣ ሳዓድ ይባላል። ቤቱ ኮበር፣ ዐዚዚያ፣ ባሕሩ አጠገብ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ መስተዋት ስወለውል ባሕሩን በመስኮት እንጂ በእግሬ አላየሁትም። ሚስቱ ማዳም ክፉ አልነበረችም፤ ስሜን ግን አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ደመወዙን እተወዋለሁ፤ የገረድ ደመወዝ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

አርብ አርብ ቤተሰቡ በሙሉ ከደማም ወጣ ብሎ በረሃው ውስጥ ወዳለው መዝረዓቸው ይሄዳል። ጥቂት ተምር፣ በርሲም የሚሉት የፈረስ ሣር የሚበቅልበት መደብና የፈረስ ጋጣ ያለበት እርሻ ነው። እዚያ የምትኖረው የሳዓድ እናት ማማ ሙዲ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇ ቪላው ውስጥ ክፍል ቢሠራላትም አንድ ሌሊት አላደረችበትም አሉ። ድንኳን ውስጥ የተወለደች ሴት ናት። በልጅነቷ ያለ ኮርቻ ትጋልብ ነበር። ከተማው ሲቆም፣ መንገዱ አስፋልት ሲሆን፣ ሰው ሁሉ መኪና ሲገዛ እሷ ባዝራ ገዛች። ከእሷ ጋር ሃያ የምትባል የመጨረሻ ልጇ ትኖራለች፤ ያላገባች፣ አስተማሪ፣ ዝምተኛ።

አንድ አርብ ሩዙን በትልቅ ትሪ ተሸክሜ ስወጣ ጩኸት ሰማሁ። አንዲት ዳማ ባዝራ ገመዷን እየጎተተች አምልጣለች። ፈረሶቹን የሚጠብቀው ሱዳናዊ ከኋላ ይሮጣል፤ ሰዉ በየጎኑ ያጨበጭባል። እሷ ደግሞ በባሰ ደንግጣ ወደ በሩ፣ ከበሩ ባሻገር ወዳለው አውራ መንገድ ትሸሻለች። ፈረስ እየተሯሯጡ ይይዙታል እንዴ! ትሪውን መሬት አስቀመጥኩ። ሁሉንም ዝም በሉ አልኩና ከፊቷ አለፍ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ፣ የአባቴን ፈረስ የምጠራበትን ድምፅ እያሰማሁ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሿ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

አሮጊቷ ወንበሯ ላይ ሆና አይታለች። በከዘራዋ ጠቆመችኝና ልጇን «ይቺን ለእኔ ተዋት» አለችው። እንደ ዕቃ መሆኑ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ቤት ዕቃ በመሆኔ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ማታውኑ መዝረዓው ቀረሁ። ማማ ሙዲ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ነው። ነገርኳት። አፏ ሊይዘው አልቻለም፤ ቢሆንም እየተንተባተበች እስክትሞት ድረስ በእሱ ጠራችኝ።

ባዝራዋ ዐንበር ትባላለች። ማማ ሙዲ ጋጣ ስትገባ ለፈረሶቹ ሰላምታ ሳትሰጥ አትገባም ነበር፤ እኔም ካልሰጠሁ ወደ በሩ ትመልሰኛለች። የሚጠጡትን ውሃ ራሷ ሳትቀምስ አታጠጣም። በበጋ ገንዳው እስኪፋጅ ይሞቃል፤ ሰው ደግሞ ውሃ ነው ብሎ ያልፋል። ተምር የምታበላቸው ፍሬውን አውጥታ፣ ከመዳፏ ነው። ከዚያ ጆሮዋን ጎናቸው ላይ ትለጥፋለች። የፈረስ ሆድ ሲጮህ ደግ ነው፤ መፍራት ዝም ሲል ነው ትለኛለች። ፋንድያ እንዳነሳ ታደርገኝና በባልዲ ውሃ ውስጥ ታስበጠብጠኛለች። ከታች አሸዋ ከዘቀጠ ፈረሱ ከሣሩ ጋር አሸዋ እየበላ ነው ማለት ነው፤ ያ አሸዋ አንጀቱ ውስጥ ከተከማቸ ይገድለዋል። መድኃኒቱ ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ዘር ነው፤ እየጠረገ ያወጣዋል። አባቴ ቤት አሸዋ የለም፣ ይህን ከየት አውቀዋለሁ?

ቁጡ ነበረች። ስሳሳት በከዘራዋ ባልዲውን ትመታዋለች፣ እኔን ግን ነክታኝ አታውቅም። ሱዳናዊው ከሳዓድ ጋር ተጣልቶ ሄደ፤ ሳዓድም ሁሩብ አለበት፣ ጠፋብኝ ብሎ ከሰሰው ማለት ነው። በእሱ ቦታ ሰው ይመጣል ሲሉ ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። ለምን ይምጣ! እኔ አለሁላቸዋ። ጠዋት ጋጣ እጠርጋለሁ፤ ከሰዓት አሮጊቷን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፤ አርብ ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ እቀቅላለሁ። ሳዓድ እንግዶቹን ይዞ ሲመጣ ፈረሶቹን እያሳየ «እኔ ነኝ የማሳድጋቸው» ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ፋንድያው ከእጄ ሳይለቅ ሻይ አቀርብለት ነበር።

አንድ ጠዋት ማማ ሙዲ ዐንበርን አስጫነችኝና «ውጪ» አለችኝ። ከጋጣው ውጪ የምትለኝ መስሎኝ ወደ በሩ ሄድኩ። ከዘራዋን ኮርቻው ላይ አሳረፈችው። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ስወጣ አለቀስኩ፤ በደስታ ብቻ አይደለም። አባቴን፣ እናቴን፣ ወንድሜን፣ ያችን አርጩሜ አስቤ በንዴት አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዓመት ከለከሉኝ፤ ነገሩ ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

አሁን ወደማልወደው ቀን ልምጣ። ዐንበር አርግዛ ቀኗ ደርሶ ነበር። ማማ ሙዲ ጡቷ ጫፍ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ስታይ ዛሬ ወይም ነገ ናት አለች። ሳዓድን ሾፌሩን እንዳይወስድባት ለመነችው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሾፌሩን ይዞ በድልድዩ ወደ ባሕሬን አገር ተሻገረ፤ ለሽርሽር። ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ የዐንበር የሽርት ውሃ ፈሰሰ።

ደግ ሲሆን ሁለቱ የፊት እግሮች ይቀድማሉ፣ አፍንጫ ይከተላል። የታየን ግን አንድ እግርና አፍንጫ ነው። ሁለተኛው እግር ጉልበቱ ላይ ታጥፎ ውስጥ ቀርቷል። ሃያ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለች። ደማም ነው ያለው፤ መኪናዬ ተበላሽታለች፣ ሰው ላኩልኝ አላት። ግቢው ውስጥ ፒክአፑ ቆሟል። ሃያ መንዳት ታውቃለች፤ እናቷ መዝረዓው ውስጥ አስተምራታለች፤ ሣር የምታመላልሰው እሷ ናት። ግን ያኔ በሳዑዲ ሕግ ሴት አውራ መንገድ ላይ አትነዳም። መኪናው ውስጥ ገባች፤ ሞተሩን አስነሳች፤ በሩ ድረስ ሄደች። ከዚያ ቆመች። መሪውን እንደጨበጠች ቆማ ስታለቅስ ከጋጣው አያታለሁ። ከተያዘች እሷም ወንድሟም ይጠየቃሉ። መለሰችው።

የማማ ሙዲ ጣቶች በቁርጥማት ስለታጠፉ እሷ የዐንበርን ራስ ያዘች፤ እጄን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ምጡ ጋብ ሲል ልጁን ወደ ውስጥ መግፋት፣ የታጠፈውን እግር ፈልጎ ሰኮናውን በመዳፍ መሸፈን፣ ሸፍኖ ወደ ፊት መሳብ ነው። ሰኮናው ካልተሸፈነ ማሕፀኗን ይቀደዋል። ሳገኘው ምጡ ይመጣል፤ ክንዴን ይጨፈልቀዋል፤ ያመልጠኛል። ማማ ሙዲ አትቸኩዪ፣ አትቸኩዪ ትለኛለች። ዐንበር ህመሙ ሲጠናባት ጎኗን ጣለች፤ ጉልበቴን ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው። ሲሰበር ሰምቻለሁ። እጄን ግን አላወጣሁም።

በመጨረሻ እግሩ መጣ። ውርንጭላው ሙሉ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። አልተነፈሰም። ማማ ሙዲ አፍንጫውን ጠረገችና እፍ አለችበት፤ በገለባ አሸችው፤ ደጋግማ እፍ አለችበት። ዐንበር አንገቷን አዙራ ላሰችው። ሐኪሙ በታክሲ ተነስቶ በረሃው ውስጥ መንገድ ጠፍቶት ደረሰ፤ ያኔ መግሪብ፣ የምሽቱ ሰላት፣ አልፏል። ዐንበርን ሰፋት፤ በጣም ተቀድዳለች። ከእንግዲህ ድንጉላ እንዳይነካት፣ ሌላ ምጥ ይገድላታል አለን። እኔን ደግሞ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ሳዓድ በማግስቱ መጣና የሞተውን ውርንጭላ አይቶ ቀደር ነው፣ የተጻፈ ነው አለ። ማማ ሙዲ ቀና ብላ አየችው።

«ቀደሩ የአላህ ነው። ሾፌሩን የወሰድከው አንተ ነህ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ በከዘራ ነው የምሄደው። ሁለታችንም በከዘራ ሆንን፤ ጋጣው ግን አንድ ቀን ሳይጠረግ አላደረም። ሦስት ዓመት ግድም አለፈ፤ ሴቶች ይንዱ ተባለ። ሃያ መንጃ ፈቃድ አወጣችና ከከተማ መዝረዓው ድረስ ብቻዋን ነድታ መጣች። የጎረቤት ሴቶች እልል አሉ። ማማ ሙዲ ወንበሯ ላይ እንዳለች ፒክአፑን አየችው፤ ዐንበርን አየቻት።

«ዘግይተሻል» አለቻት።

ሃያ ቁልፉን እንደያዘች አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷን ተቆጣቻት እንዳትሉ። የተቆጣችው በማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን።

በ2019 ማማ ሙዲ ደማም ሆስፒታል ተኛች። አስታማሚዋ እኔ ነኝ። አንድ ከሰዓት ሳዓድ ባለበት ዐንበር እንዳትሸጥ፣ ድንጉላ እንዳያገኛት፣ እዚያው መዝረዓው እንድትሞት አለችው። እሱም እጇን ስሞ «እንሻአላህ፣ ዩማ» አላት፤ እሺ እማዬ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሰምተሻል» አለችኝ። ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ቀብሩ በሞተችበት ዕለት ሆነ፤ ሴት አይሄድም። ዐዛው፣ ለቅሶ መድረሱ ማለት ነው፣ መዝረዓው ላይ ነበር፤ ወንዶች ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶች ቤት ውስጥ። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ነውር ነው፣ ሐራም ነው ተባልኩ። እሺ። ግን እኔ እንዴት ልሁን? እናቴ ስትሞት አገሬ አልነበርኩም። አሁን ደግሞ ስሜን የጠየቀችኝን ሴት ቀብረው ሻይ ቅጂ ይሉኛል። በሁለተኛው ቀን ትሪውን ጣልኩና ጋጣ ገባሁ። ዐንበርን ቦረሽኳት፤ ጋማዋን ጎነጎንኩት። የማማ ሙዲን ቀዩን ግላስ አለበስኳት፤ ኮርቻዋን ጫንኩ፤ እርካቦቹን ባዶ ኮርቻ ላይ አጣምሬ አሰርኳቸው። በእኛ አገር ይሄ የሚደረገው ለወንድ፣ ያውም ለጀግና ወንድ ነው። ማንንም አላስፈቀድኩም። ልጓሟን ይዤ እያነከስኩ ድንኳኑ ፊት ለፊት አቆምኳት።

ወንዶቹ ወደ እኛ ዞሩ። አንዱ ቢድዓ ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ሃይማኖት ውስጥ የሌለ ነገር ማለቱ ነው። ሳዓድ ፊቱ ሲገረጣ አየሁ፤ ተነስቶ ሊያባርረኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ግን የቀደመው ሌላ ሰው ነው። ፈረስ የሚያራባ፣ ወፍራም ሰውዬ ከመሃል ተነሳና መጣ። ቀጥ ብሎ የዐንበርን ከንፈር ገልብጦ ጥርሷን አየ። ሆዷን ዳሰሰ። ጭራዋን አነሳ።

«ሳዓድ፣ ይቺ ናት ያልከኝ?» አለ።

ለካ ተስማምተው ጨርሰዋል! እናቱ አፈሯ ሳይደርቅ ሸጧታል። ሰውዬው የለቅሶ ፈረስ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል፤ ለእይታ ያመጣኋት ዕቃ መሰለችው። የማማ ሙዲ ወንድም፣ ያ ትልቅ ሽማግሌ፣ ከድንኳኑ ራስጌ ተቀምጠዋል። ቀና አሉ። እኔ ያን ጊዜ ፍርሃት የሚባል ነገር ከላዬ ላይ ጠፍቷል። በተሰባበረው ዓረብኛዬ ተናገርኩ።

«ማማ ሙዲ አትሸጥም ብላለች። ድንጉላ አያገኛትም፣ ሌላ ምጥ ይገድላታል ብላለች። አንተም እጇን ስመህ እንሻአላህ ብለሃል። እኔ ቆሜ ነበር።»

ሽማግሌው እኔን ሳይሆን ሳዓድን ነው ያዩት። «እናትህ ይህን ብላለች?» አሉት።

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ይጠብቃል። ሳዓድ ብዙ ነገር ማለት ይችል ነበር። የገረድ ቃል ነው፣ ዓረብኛ አታውቅም ማለት ይችል ነበር። መሬት መሬት አየ።

«ብላለች» አለ።

ይህን አልክድበትም። ሽማግሌው እንግዲያስ ወደ ቦታዋ መልሻት አሉኝ፤ ደግሞም ይህ በእኛ ዘንድ የለም፣ ዳግመኛ እንዳታደርጊው አሉኝ። ወፍራሙ ሰውዬ እጁን በመሐረብ እየጠረገ ተቀመጠ። ዐንበርን መልሼ ኮርቻዋን አወረድኩ። ያኔ ነው ጮኼ ያለቀስኩት፣ አፌን ጎኗ ላይ ቀብሬ።

ዐዛው ሲያልቅ ሳዓድ ጋጣው በር ድረስ መጣ። «ኸላስ፣ ኹሩጅሽን አወጣለሁ፤ አገርሽ ግቢ» አለኝ፤ በቃ፣ የመውጫ ቪዛ ላወጣልሽ ነው ማለቱ ነው። ምን አጠፋሁ አልኩት። «በሰው ፊት» አለኝና ሄደ። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን፣ አንድ ጉልበት፣ አንድ ጋጣ ሙሉ ፈረስ፤ ዋጋው «በሰው ፊት» ሆነ።  ግን ስለ ዐንበር የገባውን ቃል አላጠፈም፤ በሰው ፊት ነዋ።

አየር ማረፊያ ያደረሰችኝ ሃያ ናት፣ በዚያው ፒክአፕ። ከፊት አስቀመጠችኝ።  ስወርድ የዐንበርን ቪዲዮ እልክልሻለሁ አለችኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ይረሳል ብዬ ነበር፤ አልረሳችም።

እንግዲህ በዚያ ጥምቀት ያ የወንድሜ ልጅ እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ሃያ ናት፤ ቪዲዮ ልካለች። ዐንበር የተምሩ ጥላ ስር ቆማለች፤ ወፍራለች፤ ግንባሯ ሸብቷል። ሰው ፊቷን ያያል፤ እኔ እግሯን አየሁ። ሰኮናዋ! እንደ ጀልባ ወደ ላይ ተቀልብሷል። አዲሱን ሠራተኛ ምን ሊሠራ ነው ያስቀመጡት? ስልኩን አፌ ላይ ለጥፌ የድምፅ መልእክቱን በዓረብኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት፤ ዛሬውኑ ካላስሞረድሽው ባዝራዋ ታነክሳለች፣ አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ብታይ ባልዲውን በከዘራ ትመታልሽ ነበር አልኳት። ከዚያ ውሃውን ቀምሰሽዋል ወይ ብዬ ጨመርኩ።

ልጁ ጓደኞቹ የበሉበትን ሰሃን ከፊቱ እንደደረደረ ያየኛል። «አክስቴ፣ ይሄ ሁሉ ቁጣ በማን ላይ ነው?» አለኝ።

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት። «ሰሃኑን አንተ እጠበው።»